ቴትሱጂን ቁጥር 28፤ ከጦርነት የተወረሰው የብረት ሰው

ለሕፃናት መዝናኛ የተሠራ የሥዕል ፊልም ለታሪክ ተመልካች ምን ይረባል የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። አበው «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላሉና፥ ከልጆች ጨዋታ ቁም ነገር የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ለጎልማሶቹ በግልጥ ሊናገረው ያልደፈረውን ነገር ለልጆቹ በተረት ሲነግራቸው መገኘቱ ብዙ ጊዜ የታየ ነው። እኛም ዛሬ የምናወሳው የጃፓን የሥዕል ፊልም እንዲህ ካሉት አንዱ ነው። ስሙ ቴትሱጂን ቁጥር 28 ይባላል፤ ቴትሱጂን በጃፓንኛ የብረት ሰው ማለት ነው። በቴሌቪዥን መታየት የጀመረው በ1963 ሲሆን፥ ግዙፍ ሮቦትን ዋና ባለ ታሪክ ላደረጉት የጃፓን የቴሌቪዥን የሥዕል ፊልሞች ሁሉ በር ከፋች እርሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዓመትና ቀን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ አስቀድሞ ይወቅልን።

ታሪኩን የደረሰው ዮኮያማ ሚትሱቴሩ በ1934 በኮቤ ከተማ ተወለደ። ኮቤ በተራራና በባሕር መካከል እንደ መቀነት የተዘረጋች የወደብ ከተማ ናት። የመርከብ መሥሪያዎችና ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች ስለ ነበሩባት፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ አየር ኃይል ዐይኑን ከጣለባቸው የጃፓን ከተሞች አንዷ ሆነች። በማርች 17 ቀን 1945 ገና ሳይነጋ፥ ቢ-29 የተባሉት ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ከ300 በላይ ሆነው መጥተው እሳት የሚያስነሣ ቦምብ አዘነቡባት። የዚያን ጊዜው የጃፓን ቤት አብዛኛው ከእንጨት የተሠራ፥ መስኮቱና መጋረጃው በወረቀት የተለበጠ ስለ ነበረ፥ እሳቱ ከቤት ወደ ቤት ለመዝለል ጊዜ አልፈጀበትም። በጁን 5 ቀን ደግሞ አውሮፕላኖቹ ዳግመኛ መጡና ከፊተኛው እሳት የተረፈውን አቃጠሉት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ብላቴናው ዮኮያማ በከተማው አልነበረም። መንግሥት የከተማ ተማሪዎችን ከአየር ድብደባ ለማዳን ወደ ገጠር ሲያሸሽ፥ እርሱም ወደ ቶቶሪ አውራጃ ተወስዶ ነበር። የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ ጦርነቱ አበቃና ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ። ሲመለስ ያገኘው ሜዳ የሆነች ከተማና አመድ ነው። ሰዎችም ይህን ያደረገው ቢ-29 ነው ይሉ ነበር። ዮኮያማ ካረጀ በኋላ ይህን ሲያስታውስ፥ የዚያ መሣሪያ አጥፊነት ሕፃን ልቡን እጅግ እንዳስደነገጠውና እንዳስገረመው ተናግሯል። ድንጋጤና አድናቆት በአንድ ልብ ውስጥ አብረው መግባታቸውን አንባቢ ልብ ይበል፤ ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

ለብረት ሰውየው መነሻ የሆኑኝ ሦስት ናቸው ብሎ ሲቈጥርም የመጀመሪያው ይህ የኮቤ አመድ ነው። ሁለተኛው ጀርመኖች በጦርነቱ ፍጻሜ የሠሯቸው፥ ያለ አብራሪ እየተወነጨፉ በለንደን ላይ ይወድቁ የነበሩት መሣሪያዎች ናቸው፤ ሂትለር የተሸነፈውን ጦርነት ይገለብጡልኛል ብሎ ተስፋ ጥሎባቸው ነበር። ሦስተኛው በ1931 በአሜሪካ የተሠራው የፍራንከንስታይን ፊልም ነው፤ አንድ ሊቅ ከሬሳ ገጣጥሞ ነፍስ የዘራበት ፍጡር ከእጁ አምልጦ ሲያጠፋና ሲጠፋ የሚያሳየው። ሦስቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው፥ ከሰማይ የወረደ ጥፋት፥ ሽንፈትን ድል ያደርጋል የተባለ መሣሪያና ሠሪው ሊገታው ያልቻለ ፍጥረት ይሆናሉ። ቴትሱጂን የተቀጠቀጠው ከእነዚህ ከሦስቱ ነው።

በተአምረኛ መሣሪያ መታመን የጀርመኖች ብቻ ደዌ አልነበረም። የጃፓን ጦር ሠራዊት ከኖቬምበር 1944 ጀምሮ ከ9,000 በላይ ቦምብ የታሰረባቸው ትልልቅ ፊኛዎችን በላይኛው ነፋስ ኃይል ሰላማዊ ውቅያኖስን አሻግሮ ወደ አሜሪካ ለቆ ነበር። ፊኛዎቹ ከወረቀት የተሠሩ ናቸው፤ ወረቀቱን እያጣበቁ ከሠሩትም መካከል ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት ተወስደው በፋብሪካ የተሰለፉ ልጃገረዶች ነበሩ። አብዛኞቹ ፊኛዎች የትም ጠፍተው ቀሩ። ከደረሱት አንዱ በሜይ 5 ቀን 1945 በኦሪገን ጫካ ውስጥ ፈነዳና አንዲት ነፍሰ ጡር ሴትና አምስት ልጆችን ገደለ። መሣሪያውን ያጣበቁት ልጆች፥ የሞቱበትም ልጆች። ከዚህ በኋላ አንድ ደራሲ፥ የጦር ሠራዊት በምስጢር ያሠራውን መሣሪያ በልጅ እጅ ሲያስጨብጥ ብናይ፥ ሐሳቡን ከባዶ ሜዳ አመጣው ልንል አይገባም።

ዮኮያማ ትምህርቱን ሲጨርስ በኮቤ በአንድ ባንክ ተቀጥሮ ነበር። ሥራው ለመሣል ጊዜ ስላልሰጠው ግን ጥቂት ወራት ቈይቶ ለቀቀ። ቴትሱጂን ቁጥር 28 በመጀመሪያ የወጣው በ1956 ሾኔን በተባለው የልጆች መጽሔት ላይ፥ ጃፓኖች ማንጋ በሚሉት በሥዕል በሚነገር ልቦለድ መልክ ነው፤ እስከ 1966 ድረስም በየወሩ ቀጠለ። በዚያው በ1956 የጃፓን መንግሥት ያወጣው ዓመታዊ የኢኮኖሚ መግለጫ፥ አገሪቱ ከጦርነት በኋላ የሚባለውን ዘመን አሁን አልፋዋለች ሲል አስታውቆ ነበር። ቃሉም በሕዝቡ ዘንድ እንደ ምሳሌ ይነገር ጀመር። በቍጥር ረገድ መግለጫው አልተሳሳተም፤ ምርቱና ገቢው ከጦርነቱ በፊት ከነበረው በልጦ ተገኝቷልና። ልጆቹ ግን በዚያ ዓመት በየወሩ በሚገዙት መጽሔት ውስጥ ጦርነቱ ገና ቀብሮ ያልጨረሰውን አንድ ነገር ከመሬት ሲወጣ ያነቡ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጦርነቱ ማብቂያ ገደማ የጃፓን ጦር ሠራዊት ሊቃውንትን ሰብስቦ ግዙፍ የብረት ወታደር እንዲሠሩለት ያዛል። ዶክተር ካኔዳ የተባሉ ሊቅ ሥራውን ይመራሉ። ሃያ ሰባት ጊዜ ተሞክሮ ሃያ ሰባት ጊዜ ሳይሳካ ይቀራል፤ ሃያ ስምንተኛው የተፈለገውን ያህል ሆኖ ቢገኝም ለጦርነቱ ሳይደርስ ቀረ። አገሩ ተሸንፏል፤ ያዘዘው የጦር ሠራዊት ፈርሷል፤ መሣሪያው ግን አለ። ይህ ባለቤት አልባ ኃይል በመጨረሻ በሊቁ ልጅ እጅ ይገባል። ልጁ ሾታሮ ይባላል፤ ዕድሜው አሥር ዓመት ገደማ ነው። አጭር ሱሪ ለብሶ፥ ክራባት አስሮ፥ አውቶሞቢል እየነዳ፥ አንዳንድ ጊዜም ሽጉጥ ታጥቆ ወንጀለኞችን ያሳድዳል። የፖሊስ አዛዡ ኦትሱካና የአባቱ የሥራ ባልደረባ የነበሩት ዶክተር ሺኪሺማ ይረዱታል። አስተማሪ የሆነ አንባቢያችን በሽጉጡ ቅር ሊሰኝ ይችላል፤ የጃፓን መምህራንና እናቶችም ቅር ብሏቸው ነበር። በ1955 የልጆች የሥዕል መጻሕፍት ምግባር ያበላሻሉ በማለት ብርቱ ዘመቻ የተነሣው ከዚህ ታሪክ መውጣት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሮቦት የሚለው ቃል በ1920 ቼካዊው ደራሲ ካሬል ቻፔክ በጻፈው ተውኔት የታወቀ ሲሆን፥ የተወሰደውም ከ«ሮቦታ» ነው፤ እርሱም ባለ ርስቱ በጭሰኛው ላይ የሚጥለው የግዴታ ሥራ፥ በእኛ አገር ሁዳድ ይባል እንደ ነበረው ያለ ነው። ሮቦት እንግዲህ ከስሙ ጀምሮ ታዛዥ ነው። ቴትሱጂን ግን ከሁዳድ ሠራተኛ ይልቅ ይታዘዛል፤ የሁዳድ ሠራተኛ ቢያንስ በልቡ ያጕረመርማልና። ቴትሱጂን ልብ የለውም፤ አይናገርም፤ አይመርጥም። በጀርባው በታሠረው ሮኬት ይበርራል፥ በጡጫው ይዋጋል፥ ከዚያ በላይ ምንም የለውም። የሚታዘዘው በእጅ ለሚያዝ፥ ሁለት ማንሻ ላለው ትንሽ ማዘዣ ሣጥን ነው። ሣጥኑን የያዘ ሰው ማን ይሁን ማን፥ ደግ ይሁን ክፉ፥ ቴትሱጂን አይጠይቅም። ሾታሮ ሲያዘው ከተማውን ያድናል፤ ሌቦች ሣጥኑን ሰርቀው ሲያዙት ደግሞ ያንኑ ከተማ በዚያው ጡጫ ያፈርሳል። በታሪኩ ውስጥ ትልቁ ጭንቀት የጠላት ኃይል መብዛት አይደለም፤ ሣጥኑ ከልጁ ኪስ መውጣቱ ነው።

ይህን ለመረዳት በዚያው መጽሔት ላይ ይወጣ ከነበረው ከሌላው ታዋቂ ሮቦት ጋር ማስተያየት ይበጃል። ቴዙካ ኦሳሙ የደረሰው አቶም በሥዕል ልቦለድ ከ1952 ጀምሮ፥ በቴሌቪዥን ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1963 ጀምሮ የታየ የልጅ መልክ ያለው ሮቦት ነው። አቶም ያለቅሳል፥ ይራራል፥ ክፉና ደጉን ይለያል። በደራሲው ዘንድ ሥልጣኔ ልብ ሊኖረው ይችላል፤ መኪና ሰውን ሊወድ ይችላል። ውብ ሐሳብ መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ የተቃጠለ ከተማ ላየ ሰው የዮኮያማ ሐሳብ የበለጠ እውነተኛ ሆኖ ይታየናል። ቢ-29 አውሮፕላን ኮቤን ጠልቶ አላቃጠላትም፤ ቢታዘዝ ኖሮ ዳቦ ይጭንላት ነበር። ከጦርነቱም በኋላ እንደዚያው ያሉ አውሮፕላኖች በጃፓን ለነበሩ የጦር እስረኞች ምግብ በጃንጥላ ሲያወርዱ ታይተዋል። መሣሪያው ያው፥ ያዢው ሌላ።

ጃፓን ራሷ በዚያ ዘመን ይህን ጥያቄ በእጅዋ ይዛ ነበር። በ1947 የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 9 ጦርነትን ለዘለዓለም መተውን ሲያውጅ፥ በ1954 ደግሞ ራስን የመከላከያ ኃይል የሚባለው ሠራዊት ተቋቋመ። ብረቱ ይኑር ወይስ አይኑር፥ ከኖረስ ማን ይዘዘው የሚለው ክርክር በምክር ቤትም በጎዳናም የተሰማ ነበር። የልጆች ደራሲ በዚህ ክርክር ገብቶ አልተናገረም። ያደረገው ሣጥኑን ከጄኔራሎች ወስዶ ለአሥር ዓመት ልጅ መስጠት ነው። ልጁ ከጦርነቱ በደል ንጹሕ ነው፤ ግን ዕዳውን ተቀብሏል። የአባት ዕዳ ለልጅ የሚለው የእኛ አባባል ከዚህ የበለጠ ግልጥ ሥዕል የሚያገኝ አይመስለንም።

በኦክቶበር 20 ቀን 1963 ቴትሱጂን በፉጂ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። ከዚህ ቀደም በ1960 ሰዎች የብረት ልብስ ለብሰው የተጫወቱበት 13 ክፍል የቴሌቪዥን ተውኔት ተሠርቶለት ነበር፤ ነገር ግን በአንድ ሰው ቁመት የሚንቀሳቀስ ግዙፍ ማንንም አላስደነገጠም። ግዙፍነቱ የተገኘው በሥዕል ነው። ሥራውን የያዘው ቲ ሲ ጄ የተባለ፥ አስቀድሞ የማስታወቂያ ፊልም በመሥራት የታወቀ ድርጅት ነበር። በጃፓን የቴሌቪዥን ደንበኞች ቍጥር በ1962 ከ10 ሚሊዮን አልፎ ስለ ነበረ፥ ነጋዴዎች በየሳምንቱ ልጆችን በአንድ ሰዓት ከአንድ ሣጥን ፊት የሚሰበስብ ነገር ይፈልጉ ነበር። የአቶምን ወጪ አንድ የቸኮሌት ኩባንያ ሲሸፍን፥ የቴትሱጂንን ወጪ ግሊኮ የተባለው የኦሳካ የከረሜላ ኩባንያ ሸፈነ።

አሠራሩን በሚመለከት ጥቂት እንበል። በፊልም ላይ በአንድ ሴኮንድ 24 ምስል ያልፋል። ለእያንዳንዱ ምስል አዲስ ሥዕል ይሣል ቢባል የአንድ ሳምንት ሥራ በወራት አያልቅም ነበር። ስለዚህ የአቶም አዘጋጆች አንዱን ሥዕል ሦስት ሦስት ጊዜ እያነሡ በሴኮንድ በ8 ሥዕል ብቻ ማለፍን ልማድ አደረጉ፤ አፍ ብቻ የሚንቀሳቀስበት፥ ሥዕሉ ቆሞ ካሜራው ብቻ የሚሄድበት ዘዴም ተጨመረበት። ሌሎቹም በዚሁ መንገድ ተከተሉ። ድህነት የወለደው ይህ ቁጠባ በሰው ሥዕል ላይ ሲታይ ጉድለቱ ይጋለጣል። በብረት ሰው ላይ ግን ጌጥ ሆነ፤ ብረት ሲራመድ ግትር መሆኑ፥ ፊቱም የማይለዋወጥ መሆኑ ተገቢ ነውና። ያ ጥቁርና ነጭ፥ ዐይኑ የማይርገበገብ ፊት ዛሬም ሲታይ ከብዙ የተዋበ ሥዕል ይልቅ ያስፈራል።

የመክፈቻውን መዝሙር የደረሰው ሚኪ ቶሪሮ ነው። መዝሙሩ የታሪኩን ፍሬ ነገር፥ የብረት ሰውየው ደግነትና ክፋት በማዘዣው ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን፥ ለልጆቹ በግልጥ ያስዘምራቸው ነበር። መጨረሻውም ላይ የከረሜላው ኩባንያ ስም እየተደጋገመ ይዘመራል። የመሣሪያን ምስጢርና የከረሜላን ስም በአንድ ትንፋሽ የዘመሩት ሕፃናት ከሁለቱ የትኛውን ይበልጥ እንደ ያዙ መገመቱን ለአንባቢ እንተዋለን። በቴሌቪዥን ላይ የጦርነቱ ጥላ ከመጽሔቱ ይልቅ እንደ ሳሳም መሸሸግ አይገባም፤ በየሳምንቱ የሚመጡት ጠላቶች አብዛኞቹ ሽፍቶች፥ ሰላዮችና ያበዱ ሊቃውንት ናቸው። ከእነዚህ መካከል የፍራንከንስታይንን ስም የሚያስታውስ ስም ያለው ዶክተር ፉራንኬን የሠራው ብላክ ኦክስ የተባለው ጥቁር ሮቦት የማይረሳ ነው፤ ኃይሉ በጡጫው ሳይሆን ከሣጥኑ ወደ ቴትሱጂን የሚሄደውን ሞገድ በማወኩ ነውና። ትእዛዝ ያልደረሰው ግዙፍ እንደ ግንድ ተገትሮ ይቀራል።

ፊልሙ እስከ 1966 ቈየ። በዚህ መካከል አሜሪካዊው ፍሬድ ላድ 52 ክፍሎችን ወስዶ በእንግሊዝኛ አዘጋጀና ጃይጋንቶር በሚል ስም በአሜሪካ አሳየ። ሾታሮ ጂሚ ስፓርክስ ተባለ። ታሪኩም የሚፈጸምበት ዘመን ወደ 2000 ዓመት ተገፋ። በዚህ አንድ ለውጥ የጃፓን ጦር ሠራዊትም፥ የተቃጠሉት ከተሞችም፥ ያቃጠሉት አውሮፕላኖችም ሳይጠሩ ቀሩ። የቀረው፥ የልጁ አባት ሮቦቱን ለመሣሪያነት ሠርቶት ኋላ ግን የሰላም ጠባቂ እንዲሆን ተለውጧል የሚል አጭር ቃል ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ለእኛ ግን ትልቅ ነው። በአሜሪካው ታሪክ መሣሪያው ንስሐ ገብቷል። በጃፓኑ ታሪክ መሣሪያው ምንም አልተለወጠም፤ ለጦርነት እንደ ተሠራ አለ። የተለወጠው የያዘው እጅ ብቻ ነው፥ እርሱም እስኪሰረቅ ድረስ።

ደራሲውን ስናመሰግን ግን የታሪኩን ጉድለት ልናልፈው አይገባንም። ቴትሱጂን በተሠራበት ዘመን የጃፓን ሠራዊት በቻይና፥ በኮርያ፥ በፊሊፒንና በሌሎችም አገሮች ላይ ክንዱን አንሥቶ ነበር። 28ኛው የብረት ሰው ለጦርነቱ ቢደርስ ኖሮ የሚወርድባቸው ሰዎች ነበሩ፤ በታሪኩ ውስጥ ግን አይታዩም። የኮቤ ልጅ ያየው የኮቤን አመድ ነው፤ ናንኪንግን ወይም ማኒላን አላየም። ይህ ለአንድ ሕፃን ነቀፋ አይሆንም፤ ለብዙ የጃፓን ጎልማሶች ግን ለረጅም ጊዜ እንደ መሸሸጊያ ሆኗል።

የጃፓን ግዙፍ ሮቦት ወደ ማኒላ የደረሰው ከዘመናት በኋላ በቴሌቪዥን ነው። ቮልተስ 5 የተባለው በ1977 የተሠራ ፊልም በ1978 በፊሊፒን መታየት ሲጀምር፥ ልጆች በየሳምንቱ ከጎዳና ጠፍተው በየቴሌቪዥኑ ፊት ተገኙ። ፊልሙ በአንድ ግፈኛ ንጉሠ ነገሥት ላይ የሚነሣ ዐመፅንም ያሳይ ነበር። በ1979 ፕሬዚዳንት ፌርዲናንድ ማርኮስ እርሱንና መሰሎቹን ከለከሉ፤ ምክንያቱም ለልጆች የማይገባ ጭካኔ አለበት የሚል ነበር። ብዙ ሰው ግን እውነተኛው ምክንያት ዐመፁ ነው ብሎ አመነ። ፍጻሜውን ሊያዩ ጥቂት ክፍል የቀራቸው ልጆች ተቀምተው ቀሩ፤ ያን ቂም ይዘው ያደጉት ልጆችም፥ በ1986 ማርኮስ በሕዝብ ዐመፅ ከሥልጣን ሲወርዱ፥ ጎልማሶች እየሆኑ ነበር።

የቴትሱጂን ልጆችና የልጅ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም ብንቈጥር ጽሑፋችን ይረዝማል። በ1972 ናጋይ ጎ በደረሰው ማዚንገር ዜድ ማዘዣው ሣጥን ቀረና ልጁ ራሱ በግዙፉ ራስ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ናጋይ ሐሳቡ የመጣለት አውቶሞቢሎች ተጨናንቀው መንገድ በዘጉበት ጊዜ፥ የእኔ መኪና እግር ኖሮት በሌሎቹ ላይ ቢራመድ ብሎ በማሰቡ እንደ ሆነ ተናግሯል። ግዙፉን የሠራው የልጁ አያት ነው። በ1979 በተጀመረው ጋንዳም ውስጥ ደግሞ ግዙፎቹ በፋብሪካ ተባዝተው የሚሠሩ ተራ የጦር መሣሪያዎች ሆኑ፤ የሠራውም የልጁ አባት ነው። ሁሉም ውርስ ነው። ኦቶሞ ካትሱሂሮ በ1982 የጀመረውን አኪራ የተባለ የሥዕል ልቦለድ ያነበበም፥ ከተማውን ያጠፋው ሕፃን ቁጥሩ 28 መሆኑን፥ ከባለ ታሪኮቹም አንዱ ካኔዳ፥ ሌላው ሺኪሺማ መባላቸውን ያስተውላል። ኦቶሞ ለዮኮያማ ያቀረበው እጅ መንሻ ነው። በእርሱ ዘንድ ግን ሣጥኑ ጨርሶ የለም፤ መሣሪያው ራሱ ልጁ ሆኗል።

ኮቤ ዳግመኛ ተቃጠለች። በጃንዋሪ 17 ቀን 1995 ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ በደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ከ6,400 በላይ ሰዎች ሞቱ። አነስተኛ የጫማ ፋብሪካዎችና የቆዩ የእንጨት ቤቶች ተጠጋግተው በሚገኙበት በናጋታ ቀበሌ እሳት ተነሥቶ ሰፈር ከሰፈር አያይዞ በላ። በጥፋቱ ውስጥ የማንም እጅ አልነበረበትም፤ ሆኖም አመዱ ያው አመድ ነው።

በኤፕሪል 2004 የኢማጋዋ ያሱሂሮ ዝግጅት የሆነ አዲስ የቴትሱጂን ፊልም በቶኪዮ ቴሌቪዥን ተጀመረ። ይህ ፊልም ታሪኩን ጦርነቱ ካለቀ አሥር ዓመት ገደማ ወደ ሆነው ጊዜ መልሶ፥ የቀድሞው ፊልም ያሳሳውን የጦርነት ውርስ ዋና ነገሩ አደረገው። ዮኮያማ የመጀመሪያው ክፍል ከታየ በኋላ በስምንተኛው ቀን ሞተ። የሞተውም በመኖሪያ ቤቱ በተነሣ እሳት ተቃጥሎ ነው፤ ዕድሜው 69 ነበር።

በ2009 የናጋታ ነዋሪዎችና ነጋዴዎች ከከተማው አስተዳደር ጋር ሆነው፥ ሰፈራቸው ከአመድ መነሣቱን ለማሳየት በዋካማትሱ መናፈሻ የቴትሱጂንን ሐውልት አቆሙ። ወጪው 135 ሚሊዮን የን ሆነ። የብረት ሰውየው እግሩን አንፈራጦ፥ አንድ ጡጫውን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ቆሟል፤ ቀጥ ብሎ ቢቆም ቁመቱ 18 ሜትር ይሆን ነበር፥ ክብደቱም 50 ቶን ገደማ ነው። ከሺን ናጋታ ባቡር ጣቢያ ጥቂት እርምጃ ስለሚርቅ፥ ሐውልቱን ለማየት የሚመጣ ሰው መንገድ መጠየቅ አያሻውም። ልጆች በሁለቱ እግሮቹ መካከል እየሮጡ ያልፋሉ።